የአንድ መስመር ስርዝ

«ቦታው አንድ ነበር አሉ» አለ የሺዋስ። ለፖሊስ ብሎታል፤ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ብሎታል፤ አሁን ደግሞ በር ላይ ጫማዋን ለምታወልቀው ለጽጌወይን ደገመው። «ኮስት ጋርድ፣ ያ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው፣ ለመኮንንነት ከዩኒቨርሲቲው የሚወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው አሉ። ኤዛናና ጓደኛው ፍራኦል ደግሞ ሁለት ናቸው። እንግዲህ ራስሽ ደምሪው፣ እህቴ።»

«ይሄ ‘አሉ’ የምትለው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው? እሱንም ባናግረው ደስ ይለኝ ነበር» አለችው።

የሺዋስ መንገድ ለቀቀላት። ከሁለት ዓመት በፊት በዲቪ መጥቶ የዚህን ቤት አንድ ክፍል የተከራየ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የኤፔክስ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው።

ጽጌወይን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በካዚኖ የካሜራ ክፍል ተቀምጣ የቁማርተኛ እጅ ስትጠብቅ ኖራለች። በፈረንጆቹ 2020 የኮሮና ቫይረስ ካዚኖውን ሲዘጋው ሥራዋ ቀረ፤ ዓይኗ ግን አልቀረም። ማንም ሳያስተምራት አጥንታ የግል መርማሪነት ፈቃድ አወጣች። የመርማሪነት ቆብ አላት ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ የላትም።

የሟቹ የኤዛና አባት ጋሽ ጥላሁን ወደ ጓሮው ወሰዷት። ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው በዚህ የበረሃ ከተማ ሰፈር መዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። የዚህኛው ጠርዝ ግን ቡናማ እድፍ ይዟል። ኤዛና ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እዚህ ነው የተገኘው፤ በደረቱ ተንሳፍፎ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሶ። የተመታበት የስፖርት ብረት ገንዳው ወለል ላይ ነበር። አስከሬን መርማሪው አምስት ምት ቆጥሯል። ለመግደል ሁለተኛውም ይበቃ ነበር።

«ነገ ሰኞ ፍራኦልን ሊያስሩት ነው ይላሉ» አሉ ጋሽ ጥላሁን። «ልጁን ከአንድ ሳህን አብልቼዋለሁ። እሱ ከሆነ ልወቅ። ካልሆነ ግን ሁለት ልጅ አልቀብርም።»

ፖሊስ ፍራኦልን የጠረጠረው በኤዛና የልምምድ መዝገብ ነው። ኤዛና የመርከብ መዝገብ አያያዝ ለመልመድ ሲል ሁሉን ነገር ይጽፍ ነበር፤ ሰዓቱን፣ የዋኘውን ርቀት፣ ዋና ባይችልም እንኳ ከዳር ሆኖ የጠበቀውን ሰው። ብቻውን አይዋኝም። መርማሪ ፖሊሱ በሰጣት ቅጂ ላይ በቅዳሜው መስመር «የሺዋስ» የሚለው ስም በአንድ መስመር ተሰርዞ «ፍራኦል» ተብሏል፤ ከጎኑም «ኢ» እና «ቲ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈዋል።

«መጀመሪያ እኔ ልጠብቀው ነበር» አለ የሺዋስ። «ሺፍት አለብኝ ስለው ፍራኦልን ጠራ። ሲሰርዘውም አይቻለሁ።»

ጽጌወይን ቅጂውን ገጽ በገጽ አገላበጠችው። በሰባት ወር ውስጥ ሌላ ስርዝ የለም። ሽፋኑ ላይም «ኤዛና» ከሚለው በቀር አልተጻፈም።

ፍራኦልን ጋራዡ ውስጥ አገኘችው። እዚሁ አሜሪካ የተወለደ ረጅም ልጅ ነው፤ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶታል።

«ለማ በዋና ይበልጠኝ ነበር። በሩጫ እኔ እበልጠዋለሁ» አላት።

«ለማ ደግሞ ማነው?»

«ኤዛና ነዋ! ትሬኒንግ ላይ በላስት ኔም ነው የምንጠራራው። ፎርሙ ላይም፣ መታወቂያው ላይም ለማ ነው።»

«ቦታው አንድ ነው የሚባለውስ?»

«ማነው ያለው? ኮታ የለውም እኮ! ሁለታችንንም ሊወስዱን ይችሉ ነበር።»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቦልደር ሲቲ። ተራራ ላይ ስሮጥ ነበር። ብቻዬን።» ድምፁ ተሰበረ። «ከታሰርኩ ፋይሌ ይዘጋል፣ ጽጌ። ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ።»

የኤዛና ፍቅረኛ ፋይዛ ደጅ፣ የሟቹ መኪና አጠገብ ቆማለች። በዚያው ሳምንት ተጣልተው ነበርና እሷንም ፖሊስ ጠይቋታል።

«የተጣላነው አልተኛም ስላለ ነው» አለች። «ኮስት ጋርድ ስለ ሕይወት ታሪኩ የሚያስሞላው ፎርም አለ፤ ውሸት ከተገኘበት ያባርሩታል። ‘እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?’ ይላል፣ ምክንያቱን ግን አይነግረኝም።»

ጽጌወይን ግን ዓይኗ መኪናው ላይ ነበር። የግራው የፊት መብራት በበረሃው ፀሐይ ቢጫ ሆኗል። የቀኙ እንደ ውሃ የጠራ ነው።

«ይህን መኪና ሌላ ሰው ይነዳው ነበር?»

«የሺዋስ። የሱ ስለተበላሸ የብርዱን ወራት ሙሉ ወደ ኤፔክስ በዚህ ነበር የሚሄደው።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ገንዳው ዳር ሰበሰበቻቸው። መርማሪ ፖሊሱ የጓሮውን በር ተደግፎ ቆሟል።

«ከወሬው ልጀምር» አለች። «ቦታው አንድ አይደለም። ይህን ወሬ ከአንድ አፍ በቀር ከማንም አልሰማሁትም። ሁለተኛው መብራቱ ነው። ፖሊሱን ጠይቄያለሁ፤ በየካቲት ወደ ኤፔክስ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ እግረኛ ተገጭቶ ሞቷል፤ ገጪው አልቆመም። የዚህ መኪና አንድ መብራት ደግሞ ተለውጧል። ኤዛና የሰው ገዳይ ደብቆ እንዴት ያን ፎርም ይሙላ?»

«መብራት የለወጠ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» አለ የሺዋስ።

«አይደለም። ሦስተኛው ግን የአንተ ነው። በመርከብ መዝገብ ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከጎኑ የሰራዡ የስም መጀመሪያ ፊደላት ይጻፋሉ። ኤዛና ይህን ሲያስረዳ ሰምተሃል፤ የምታስመስለው ናሙና ግን አላገኘህም። ስለዚህ እንደ አገራችን ልማድ በአባቱ ስም ፈረምክለት፤ ኤዛና ጥላሁን ብለህ። ጋሽ ጥላሁን፣ የልጅዎ የአሜሪካ ወረቀት ማን ይላል?»

«ኤዛና ለማ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እዚህ አባትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ነው የሚጠሩት። የአባቴን ስም ነው የያዘው።»

«ፍራኦል ‘ለማ’ ሲለው ነው የኖረው፤ እሱ ቢሆን አይሳሳትም ነበር። ኤዛናም የራሱን ስም አይስትም፤ ‘ኢ’ እና ‘ኤል’ ነበር የሚጽፈው። ሲሰርዘው አየሁ ያልከው ደግሞ አንተ ነህ።»

የሺዋስ የገንዳ ማጽጃውን ዘንግ መንጥቆ ሰነዘረው። ጽጌወይን ጎንበስ ስትል ከኋላዋ የነበረው ፍራኦል ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ደሙ ፊቱን እያለበሰው ዘሎ ያዘውና ተያይዘው ገንዳው ጥልቅ ጎን ውስጥ ወደቁ። የሺዋስ ዋና አይችልም። ፍራኦል አንገቱን ይዞ ወደ ታች ደፈቀው፤ አረፋው ወጣ፣ ከዚያ አረፋውም ቀነሰ።

«አውጣው!» ብለው ጮኹ ጋሽ ጥላሁን። «አንተ እንደሱ አትሁን!»

ፍራኦል በብብቱ ጎትቶ አወጣው፤ ልክ እንደተለማመዱት። የሺዋስ ውሃ እያስታወከ ካቴናው ሲገባለት «‘ዋናዬን ልጨርስና የምነግርህ ነገር አለ’ አለኝ» አለ። «ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ፤ የገጨሁትን ሰው ፎርሙ ላይ ሊጽፈው ነው። ጀርባውን ሲያዞር… አልጠበቅኩትም።»

ሰኞ ጠዋት ማንም ፍራኦልን አላሰረውም። ረፋዱ ላይ የምልመላው መኮንን ለጋሽ ጥላሁን ደወለ፤ አጽናናቸው። ቀጥሎም ፋይሉን ለመዝጋት አንድ ነገር ላረጋግጥ አላቸው፦ ኤዛና ለማ ማመልከቻውን መተዉንና ፎርሙን እንደማይሞላ በኢሜይል የጻፈው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ገና ሳይዋኝ ነበር።