ጠርሙስ ውስጥ የገባው ሜዳ

ማህደር ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅፋ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ጠርሙሱ ባዶ ነው። ውሃውን ጠጥታ የጨረሰችው ሆን ብላ ነው።

«ዛሬ ይሄን ጠርሙስ ሽቶ እሞላዋለሁ» አለች። «ለእማዬ ነው።»

«ሙሉውን?» አለ ጓደኛዋ ቶሎሳ።

«እስከ አፉ!»

ሌላዋ ጓደኛዋ ሰሚራ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሙዝ እየበላች ነበር።

መኪናውን የሚነዱት የሰሚራ አባት ጋሽ ከድር ናቸው። ልጆቹን የሚወስዷቸው ወደ ላቬንደር እርሻ ነው። ላቬንደር ሽታው የሚጣፍጥ አበባ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የአበባው በዓል ነው።

ግርርር! ግርርር! መኪናው ኮረብታውን ወጣና ቆመ።

ልጆቹ ወረዱ።

ከፊታቸው ያለው ሜዳ በሙሉ ወይን ጠጅ ቀለም ነበር። እስከ ዛፎቹ ድረስ ወይን ጠጅ። ከዛፎቹም ወዲያ ወይን ጠጅ!

ነፋስ መጣ። ሹሹሹ! አበባው ሁሉ ጎንበስ አለ። ሹሹሹ! አበባው ሁሉ ቀና አለ።

«ሜዳው ይተነፍሳል» አለች ሰሚራ በሹክሹክታ። ሙዟን ረሳችው።

ከሜዳው ዳር ድንኳን ተተክሏል። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ትልቅ የመዳብ ድስት አለ። ከድስቱ ረጅም ቱቦ ይወጣል። ከድስቱ አጠገብ የእርሻው ሠራተኛ እትዬ ዘርፌ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ሽቶው የታለ?» አለች ማህደር።

«አበባው ላይ ነዋ! ልቀሙና አምጡ፤ እኔ አፈላዋለሁ። ውሃው በአንድ በኩል ይወጣል፣ ሽቶው በሌላ በኩል ጠብ ይላል።»

ማህደር ለቀመች፣ ለቀመች፣ ለቀመች። እቅፏ ሲሞላ ፊቷ አልታይ አለ። እግር ያላት አበባ መሰለች።

ሰሚራ የለቀመችውን ሰጠቻት። ቶሎሳም የለቀመውን ሰጣት።

«እንኪ፣ የእኔንም ጨምሪበት» አላት። «ግን አይሞላም።»

«ይሞላል!»

አበባው ሁሉ ድስቱ ውስጥ ገባ። ድስቱ ተከደነ። እሳቱ ነደደ። ቡልቅ! ቡልቅ!

እትዬ ዘርፌ ማህደርን ከእሳቱ ራቅ አድርገው አስቀመጧት። እሷም ጠርሙሷን ከቱቦው አፍ ስር ደቀነች።

ውጭ ከበሮ ይመታል። ድም! ድም! ቶሎሳ ሄዶ ጨፈረና ተመለሰ።

«ሞላ?»

«ገና!»

ቶሎሳ ሄዶ ፈረስ ጋለበና ተመለሰ።

«ሞላ?»

«ገና!»

ሰሚራ አገጯ ላይ ማር ይዛ መጣች።

«ሞላ?»

«ገና አልኩ እኮ!»

በዚህ ጊዜ ከቱቦው አፍ አንድ ነገር ብቅ አለ። ተንጠለጠለ። ወፈረ። አበራ።

ጠብ!

ሦስቱም ልጆች ትንፋሻቸውን ያዙ።

ጠብ!

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም።

«እትዬ፣ ቱቦው ተዘጋ» አለች ማህደር።

«አልተዘጋም የኔ ልጅ። አለቀ።»

«ያ ሁሉ አበባ?»

«ያ ሁሉ አበባ።»

ማህደር ጠርሙሱ ውስጥ አየች። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ምስር የምታክል ነገር ታበራለች።

ቶሎሳ ሊስቅ ነበር። የማህደር ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየና ተወው።

«ለእማዬ ምን እሰጣታለሁ?» አለች ማህደር።

«መጀመሪያ አሽቺው እንጂ» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ማህደር አፍንጫዋን ጠርሙሱ አፍ ላይ አደረገች። ሳብ አደረገችው።

ዓይኗ ፈጠጠ።

ሜዳው እዚያ ውስጥ ነበር! ፀሐዩም፣ ነፋሱም፣ እስከ ዛፎቹ ያለው፣ ከዛፎቹም ወዲያ ያለው።

ሰሚራ አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች። ቶሎሳ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠጋ ማህደር ጠርሙሱን ቀማችው።

«እና… ሞላ?» አለ ቶሎሳ ቀስ ብሎ።

ማህደር ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሞላ!» አለች።

ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን መኪናው ሁሉ ላቬንደር ላቬንደር ሸተተ።

«መስኮት እንዳትከፍቱ» አሉ ጋሽ ከድር። «ሜዳው ያመልጣል።»

ማህደር ቤት ስትደርስ መሽቷል። እናቷ በር ላይ አቀፈቻት።

«ምን አመጣሽልኝ?»

«ሜዳ።»

እናቷ ጠርሙሱን አየች። ገለበጠችው። «የታለ?»

«በዓይን አይደለም እማዬ! በአፍንጫ ነው!»

እናቷ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተች። ወደ ውስጥ ገብታ የማህደር አልጋ ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ቁጭ አለችና እንደገና አሸተተች።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አለች።

«ሁሉም» አለች ማህደር አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ እያዛጋች። «እስከ ዛፎቹ።»

መብራቱ ጠፋ። ሽታው በመስኮቱ ሾለከ። አጥሩን ዘለለ።

«ኧረ እናንተ!» አለ የጎረቤት ድምፅ ከአጥሩ ማዶ። «በምሽት አበባ የሚያበቅለው ማነው?»

የማህደር እናት ሳቋን በእጇ አፈነች።

ማህደር ግን አልሰማችም። ትንፋሿ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል። ሹሹሹ… ሹሹሹ…