ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር

ግንቦት 1975 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት፣ በላፍቶው ትምህርት ቤት እንደ ሌላው ቀን ነጋ። ሽማግሌው ዘበኛ ዲንሳ ሌሊት የዘነበበትን በር ከፈተ። ታይፒስቷ ዘነቡ እንደ ልማዷ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ዳይሬክተሩ ገሠሠ ሰላምታ ሳይሰጥ አለፈ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ፤ ተማሪው ተሰለፈ፤ ባንዲራ ተሰቀለ። ዳይሬክተሩ ግን ከሰልፉ ፊት አልቆመም። ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ሦስት አትላሶች ነበሩ።

«መጻሕፍት ተሸክመው ሲወርዱ አዳልጧቸው ነው» አለ ምክትሉ ነጋ።

መርማሪው መቶ አለቃ ከበበው አንዱን አትላስ አነሳ። ሥሩ ደም ነክቶታል፤ ላዩ ላይ ጠብታ የለም። ሦስቱም አልተገለጡም፣ አልታጠፉም። የወደቀ መጽሐፍ እንዲህ አይተኛም። አንድ ሰው ከሞቱ በኋላ አስቀምጧቸዋል።

«ማን ይጠላቸው ነበር?» ሲል ዲንሳን ጠየቀው።

«ማን ይወዳቸው ነበር ብለው ቢጠይቁኝ ይቀላል፣ ጌታዬ።» ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጂኦግራፊውን መምህር፣ አስረስን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ክፍል ውስጥ በወንበር እግር ጭንቅላቱን መታው። ባይኔ አይቻለሁ። አራት ወር ተኝቶ ሞተ። ዘነቡ ሚስቱ ናት። ዳይሬክተሩ ስለዚያ ባወጡት ሪፖርት ላይ እኔም እንደ ምስክር አውራ ጣቴን አትሜያለሁ።»

«ተነበበልዎት?»

«‹ያየኸው ነው የተጻፈው› አሉኝ።»

ከበበው ከሟቹ ኪስ ቁልፍ አውጥቶ፣ በዳይሬክተሩ ቢሮ በሰም የታሸገውን መሳቢያ ከፈተ። ሪፖርቱን ለብቻው አንብቦ አጠፈው። ከዚያ ወደ ታይፒስቷ ክፍል ገባ። ዘነቡ ጥቁር ለብሳ የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች።

«የባለቤትዎን ሪፖርት የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ያኔ ሐኪም ቤት አጠገቡ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው በሁለት ጣት ለቅመው ጻፉት አሉ። ለእኔ የደረሰኝ ‹ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት የለበትም› የሚል መልስ ብቻ ነው።»

«የካርቦን ወረቀት ይተርፋችኋል?»

«ከየት መጥቶ? አንዱን እስኪነጣ ነው የምንሠራበት።»

ከበበው ከካርቦኑ ሳጥን አንድ አሮጌ መዝዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ያለፈው ሳምንት ደብዳቤ ቃል በቃል ይነበባል። ዘነቡ ዓይኗን ከጣቶቿ ላይ አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ዲንሳን፣ ነጋንና ዘነቡን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰብስቦ ሪፖርቱን አነበበላቸው። «‹መምህር አስረስ ሦስት አትላሶች ተሸክሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሲወርድ አዳልጦት ወድቋል። ጥፋቱ የራሱ ነው።›»

ዲንሳ አውራ ጣቱን አየ። «የእኔ ጣት እዚህ ላይ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ጋሼ። እርስዎ ክፍሉ ውስጥ ያዩት የተጻፈ መስሎዎት ነበር፤ ስለ አትላስ አያውቁም። አቶ ነጋ ተዛውረው የመጡት በሚያዝያ ነው፤ መሳቢያውም ዛሬ እስክከፍተው ታሽጎ ነበር። አትላሶቹን ያስቀመጠ ሰው ግን ይህን አረፍተ ነገር ያውቃል። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ቆልፎ ካርቦኑን ለመጣል ሳሳ፤ ወደ ሳጥኑ መለሰው። ያን ሳጥን በየቀኑ የሚከፍተው ማነው?»

ዘነቡ ቦርሳዋን ከፈተች። በወንድ መሐረብ የተጠቀለለ ካርቦን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከአርባው በኋላ ሥራ ስመለስ አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት ፎቅ ጠርቼ አነበብኩለት። ‹አስተካክለውና እውነቱን ጻፍ› አልኩት። ‹ከሞተ በኋላ ምን ይሠራለታል?› አለኝ። ደረጃው አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር።» መሐረቡን ፈታች። «ገፍቼው ዝም ብዬ ብሄድ፣ አዳልጦት ነው ትሉ ነበር። ግን ራሱ እንደጻፈው ይሙት ብዬ አትላሶቹን አመጣሁ።»

ከበበው ካርቦኑን ፖስታ ውስጥ ከተተው።

«እኔን እንዳሻዎት ይጻፉኝ» አለች። «አስረስን የመታውን ልጅ ስም ግን ይጻፉ።»

«እጽፋለሁ።»

«የቱ ገጽ ላይ?»

«አራተኛው ላይ።»

ከበበው ቃሉን ጠበቀ። ስድስት ገጽ ያለው ዶሴ ወደ በላይ ተላከ፤ በሰኔ መጨረሻ ተመለሰ። ማኅተሙ አለ። የዘነቡ ቃል አለ። ካርቦኑም በፖስታው ውስጥ አለ።

አራተኛው ገጽ የለም።