ሎርካን ዴቫኒ ያልጋለበው የስንብት ውድድር

ሎርካን ዴቫኒ ሞቶ የተገኘው በሚሰናበትበት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በገዛ ግቢው ሳውና፣ በላብ ክብደት በሚቀንስበት ሙቅ ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈረስ በመሰናክል ላይ ሲያዘልል የኖረ ጋላቢ ነበር። ከአካሉ ያልተሰበረ አጥንት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ የአገሩ የቲፐራሪ ሰው ሁሉ «የኛ ሎርካን» ይለዋል። ያን ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኪልብራክ ሜዳ የመጨረሻ ውድድሩን ጋልቦ፣ ሕዝቡን በማይክራፎን አመስግኖ ኮርቻውን ሊሰቅል ነበር። ስሙን የጻፉበትን ጨርቅ የያዙ ሰዎች ከማለዳው መንገዱን ሞልተውታል። ምስኪኖች፣ የሚሰናበቱት ሰው ቀድሟቸው እንደሄደ ማን ይንገራቸው?

ኢንስፔክተር ኢታ ሀኬት ስትደርስ ሚስቱ ኦርላ በሳውናው ደጃፍ ቆማ ነበር። አታለቅስም። ጎረቤት ያስያዛትን የሻይ ኩባያ እንደያዘች፣ ዝናቡ ሻዩ ውስጥ ሲንጠባጠብ ታያለች። ኢታ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ እንዲህ የደነዘዘ ሰው ግን ያስፈራታል።

«በሩ እንዴት ነበር?» አለቻት።

«ተቀርቅሮ። ከውጭ በኩል። እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ትናንት እንዴት አመሸ?»

«ደህና። በላ። ድንች በቅቤ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ከዚያ የፖም ኬክ ደገመ። የሠርጋችን ዕለት እንኳ እንደዚያ አልበላም።» ይህን ሁሉ የተናገረችው ከገበያ የገዛችውን እንደምትዘረዝር ሴት ነው።

ኢታ ጎንበስ ብላ ሬሳውን መረመረች። ሙቀቱ ቆዳውን አቅልቶታል። ጥፍሮቹ ግን ደህና ናቸው፤ የተዘጋ በር ሲደበድብ የሞተ ሰው እጅ አይመስልም። ከቀኝ ጉልበቱ መታጠፊያ ላይ አዲስ የመርፌ ቀዳዳ አገኘች። የሎርካን ጉልበት ከአንድ ክፉ አወዳደቅ ወዲህ ያለ ማደንዘዣ መርፌ እንደማያስጋልበው አገር ያወቀው ነው። በማስታወሻዋ ጻፈችው።

ኢታ ገና ከሳውናው ሳትወጣ አለቃዋ ደውሎ ከጎረቤት የሰማውን ደጃፍ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነገራት። የሎርካን ውሾች ባዕድ ሲያዩ ሰማይ ምድሩን በጩኸት ያናውጡታል፤ ያን ጠዋት ግን አልጮኹም። ከቤቱ ሰው ሌላ የማይጮኹበት ደግሞ ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ አሰልጣኙ ማላኪ ሮች፣ ዶክተር ፌሊም ኬቲንግና ከጋጣው በላይ የሚያድረው የኦርላ ወንድም ቲርናን። ቲርናንም ጋላቢ ነው። ሐሙስ ማታ ከሎርካን ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል፤ ሎርካን ከሌለ ግሌንሻን የተባለውን ፈረስ የሚጋልበው እሱ ነው። አለቃዋ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም። እስከ ስድስት ሰዓት ልጁን በካቴና እንድታመጣለት አዘዛት።

ኦርላ ይህን ሁሉ ቆማ ሰምታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሟን ኢመንን የፈረስ አወዳደቅ ወስዶባታል። ከቤተሰቡ የቀራት ቲርናን ነው።

«ውሰጂው» አለች፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም ሳይል። «ከእሱ በኋላ የሚወሰድብኝ አይኖርም።»

ኢታ አልወሰደችውም። መጀመሪያ ወደ ማላኪ ሄደች።

ማላኪ ሮች ሰባ ዓመት ያለፈው፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን የዋህ ሽማግሌ ነው። የኢታ አባት የፈረሶቹን ኮቴ ብረት ሲመታለት የኖረ ስለሆነ እሷንም ዛሬም ድረስ «የሀኬት ልጅ» ይላታል። ሳምንቱ የደስታ ሳምንት እንደነበር ነገራት። ሐሙስ ረፋድ ላይ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብርቱ የነበረው ፈረስ እግሩን ታሞ ከውድድሩ ወጣ፤ ለእነማላኪ ሠርግና ምላሽ ሆነ። ሐሙስ ማታ ግን ቲርናን ሎርካን ላይ ሲጮኽበት ሰማ። የሰማትም «ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልክ» የምትል ብቻ ነች።

«ስለ ምንድን ነው?»

«የባልና የአማች ነገር እኔን ምን አገባኝ፣ የሀኬት ልጅ? መስኮቴን ዘጋሁ።»

ቲርናን ጋጣው ውስጥ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር። የጠቡን ምክንያት ብትጠይቀው አልናገርም አለ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ካቴና እንደሚጠብቀው ነገረችው።

«ይሰሩኝ» አላት።

እንዲህ ሲል ዓይኑ ግቢው መሀል ከቆመችው እህቱ ላይ ነበር። ኢታ ይህችን ልብ አለች። ለራሱ የሚፈራ ሰው በሩን ወይም ፖሊሱን ነው የሚያየው።

ዶክተር ኬቲንግ ሳይጠየቅ ተናገረ። የአገሩን ጋላቢዎች ሠላሳ ዓመት ያከመ፣ ከውድቀት በኋላ «ድኗል፣ ይጋልብ» ብሎ የሚፈርም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። በእሱ አስተያየት ሎርካንን የገደለው ሙያው ነው፤ በላብ ሲከሳ የኖረ ልብ አንድ ቀን ይከዳል። በሩንም አንድ የቸኮለ ሰው፣ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ቀርቅሮት ይሆናል አለ።

«ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር። ‹ሦስት ኪሎ ይቀረኛል ዶክተር፣ ጠዋት ሳውና ገብቼ ላውጣው› አለኝ። ተው ብዬው ነበር።»

«በዓይንዎ ያዩት መቼ ነው?»

«ረቡዕ። የጉልበቱን መርፌ ዛሬ ሜዳው ላይ ልወጋው ተቀጣጥረን ነበር።»

ኢታ አመስግናው ወጣችና ወደ ውድድሩ ጽሕፈት ቤት ደውላ ግሌንሻን ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ጠየቀች። ሰባ አሏት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በኦርላ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። የትናንቱ ሳህን አልታጠበም፤ የቀረ ኬክ አለበት። ማንም ምንም አልቀመሰም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ኢታ። «ሎርካን ለዛሬ ስንት ኪሎ መቀነስ ነበረበት?»

«ሦስት» አለ ዶክተሩ።

ማላኪ ወደ ዶክተሩ ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ምንም» አለ። «በስመ አብ፣ ምንም አልነበረበትም።»

«እንዲህ ባለ ውድድር ለብርቱው ፈረስ ብዙ፣ ለደካማው ትንሽ ክብደት ይመደባል» አለች ኢታ። «ሰኞ ለግሌንሻን የተመደበለት ስልሳ አምስት ኪሎ ነበር። ሎርካን ከነኮርቻው ስልሳ ስምንት ይመዝናል። ስለዚህ ሰኞ በእርግጥ ሦስት ኪሎ ነበረበት። ሐሙስ ብዙ የተጫነበት ፈረስ ሲወጣ ግን የሌሎቹ ሁሉ ክብደት አብሮ ከፍ አለ፤ የግሌንሻንም ሰባ ሆነ። ከሐሙስ ወዲህ ሎርካን መክሳት ቀርቶ፣ ኮርቻው ሥር ሁለት ኪሎ እርሳስ ሊጨመርለት ነበር። ትናንት ኬክ የደገመው ለዚህ ነው። እንዲህ የበላ ጋላቢ ሳውና ምን ሊያደርግ ይገባል? አልገባም። አስገቡት።»

«እኛ እንዴት አላየነውም?» አለ ማላኪ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሲገባበት አይታችኋላ። የለመዱትን ነገር ማን ይጠይቃል? ያስገባው ሰውም የቆጠረው በዚሁ ነው። የሐሙሱን ለውጥ ግን አልሰማም። ኦርላ እራቱን ሠርታለች፣ ታውቃለች። እርስዎና ቲርናን የምታድሩትም የምትውሉትም በዚሁ ወሬ ነው።» ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ትናንት ሦስት ኪሎ ይቀረኛል ብሎ ሊነግርዎት አይችልም። ከሐሙስ በፊት የሰሙትን ነው የነገሩኝ።»

ዶክተሩ ቀኑ ተምታቶበት ይሆናል አለ። ኢታ ጉልበቱ ላይ ያየችውን የመርፌ ቀዳዳ ነገረችው። ሎርካን ያን ጉልበት ለሌላ ሐኪም አሳይቶ አያውቅም። ማለዳ ሎርካን ፈረሱን ሊያይ ሲወጣ ዶክተሩ ጠብቆት፣ ሜዳው ላይ ሰው ይበዛል፣ አሁን ልውጋህ ብሎታል፤ ሎርካንም እንደ ወትሮው እግሩን ሰጥቶታል። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ። በማደንዘዣው ፈንታ የወጋው የእንቅልፍ መድኃኒት ሲጥለው ተሸክሞ ማስገባት ቀላል ነው፤ የጋላቢ ሰውነት ምን ክብደት አለው? በሩን የቀረቀረው ምናልባት ቢነቃ ብሎ ነው። ሎርካን ጠፋ ብሎ ሰዉ ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚጠራው ሐኪሙን ስለሆነ፣ ደርሶ መቀርቀሪያውን ማንም ሳያይ ራሱ ሊከፍተው ነበር። ኦርላ ቀደመችው።

«ለምንድን ነው ግን?» አለ ማላኪ።

«ይህን ቲርናን ያውቃል።»

«ተይው» አለ ቲርናን።

«ብተወው ትታሰራለህ። የምትደብቀው ለራስህ ብለህ እንዳልሆነም አውቃለሁ።»

ኦርላ አንገቷን ቀና አደረገች። «ተናገር» አለችው።

ቲርናን ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ። ኢመን ከመሞቱ ከአሥር ቀን በፊት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር። ዕለቱ ምን ቀን እንደሆነ እንኳ ሲጠየቅ አያውቀውም ነበር። ዶክተሩ ግን ይጋልብ ብሎ ፈረመለት። ሎርካን እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል፤ ዝምም ብሏል። ዛሬ ማይክራፎኑን ሲይዝ ያን ሊናገር ነበር። ረቡዕ ለዶክተሩ፣ ሐሙስ ለቲርናን ነገራቸው።

ዶክተር ኬቲንግ ቦርሳውን ራሱ አንስቶ ኢታ ፊት አስቀመጠው። መርፌው ውስጡ ነበር።

«ኢመን ራሱ ፈርምልኝ ብሎ ለመነኝ» አለ። «ሁሉም ይለምናሉ።»

ደጅ የነበሩት ፖሊሶች ሲወስዱት ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም አልተነሣም።

ኦርላ ኢታን አየቻት። «በእርግጥ ይናገር ነበር?»

«ዶክተሩ ይናገራል ብሎ አምኗል። ባያምን ኖሮ አይገድለውም ነበር።»

«ሁለት ዓመት አጠገቤ ተኝቷል። ሁለት ዓመት የኢመንን መቃብር አብረን አጽድተናል።» የትናንቱን ሳህን ገፋ አደረገችው። «ለእኔ ሳይነግረኝ ለሕዝብ።»

ያኔ አለቀሰች። ባሏ ሲሞት ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። ስትጠራ የነበረው ስም ግን የኢመን ነው። ቲርናን ትከሻዋን ያዘ፤ መጀመሪያ ገፋችው፣ ቆይታ ደግሞ ያዘችው።

ማላኪ በሹክሹክታ፣ ሜዳው በሰው መሙላቱን፣ ፈረሱን ከውድድሩ ማስወጣት እንዳለበት፣ ለሕዝቡም የሚያጽናና አንድ ቃል ጽፈው መላክ እንደሚሻል ተናገረ።

«ፈረሱን አስወጣው። ቃል ግን አትጻፍ» አለች ኦርላ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ያን ማይክራፎን እኔ ነኝ የምይዘው። ሰዉ ሊሰናበተው መጥቷል፤ ማንን እንደሚሰናበት ይወቅ።»

ኢታ ለአለቃዋ ልትደውል ወጣች። ቲርናንም መኪናውን ከደጅ አቁሞ እህቱን ይጠብቅ ጀመር።