ባዶ ሳጥኖች

«ይቺኛዋ ለቋንቋ ጆሮ አላት» ሲል ሰምታዋለች አባቷን፣ በሩ ገርበብ እንዳለ። እናቷም «የኛይቱስ?» ያለች ይመስላታል። መልሱን አታስታውሰውም፤ ምናልባት ሳትሰማው ሮጣ ይሆናል። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ ነገሩ ግን ዛሬም ይቆረቁራታል።

ጆሮ አላት የተባለችው አብራቸው ያደገች የአጎቷ ልጅ ናት። ሩሲያ የተማረውን አባቷን «ጋሼ» እያለች፣ ከሥሩ ሳትጠፋ ሩሲያኛ ለቃቅማለች። እሷ ደግሞ ለአጎቷ ልጅ «በቀቀን» የሚል ስም አወጣችላት።

ዛሬ አባቷና በቀቀን አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጠዋል። የአባቷ የድሮ የትምህርት ጓደኛ ከሃያ ዓመት በኋላ ደብዳቤ ልኳል። አሮጌው ኮምፒውተር ግን የሩሲያኛ ፊደል የሚያሳይ ፎንት የለውምና ገጹ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ነው።

«ይሄ አራት ሳጥን ስሜ ይሆናል» አለ አባቷ።

«ወይም "ሸበትክ ወይ" ይሆናላ፣ ጋሼ» አለች በቀቀን።

ተሳሳቁ። እሷ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ፎንቱን ከትምህርት ቤት አውርዳ በፍላሽ ይዛ መጥታለች፤ ፍላሹ ኪሷ ውስጥ ነው።

«ፎንቱን አገኘሽልኝ እንዴ፣ እናቴ?» አላት አባቷ።

«አላገኘሁም።»

ከምሳ በኋላ ሰሃን ሲያጥቡ በቀቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ፍላሹን አይቼዋለሁ» አለች።

«ታዲያ ሄደሽ ንገሪያ።»

«አልነግርም። ጋሼ ግን ሰውዬው ታሞ ይሆን እያለ ሲጨነቅ ነው የዋለው።» ሰሃኑን ደጋግማ አለቀለቀችው። «አንቺ ሩሲያኛ ባትችዪም ልጁ ነሽ። እኔ አብሬው ካላነበብኩ ምኑ ነኝ?»

እሷ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። እጇን አደራረቀችና ወደ ሳሎን ሄደች። ፎንቱን ጭና ደብዳቤውን እንደገና ስትከፍተው በሳጥኖቹ ቦታ ፊደል ሞላ።

«አላገኘሁም አላልሽም?» አለ አባቷ።

«ዋሽቼ ነው፣ አባዬ።»

ለአፍታ አያትና ወደ ገጹ ተመለሰ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆየ። «ተመስገን፣ ደህና ነው» አለ በመጨረሻ።

የአጎቷን ልጅ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ አየቻት። ሌላ ወንበር ጎትታ ከጎኗ አስጠጋችና፣ «ነይ፣ ፊደሉን አሳዪኝ» አለቻት።

«በስሜ ከጠራሽኝ።»

በስሟ ጠራቻት።

«እሺ» አለችና መጥታ ተቀመጠች።