የውስጠኛው ኮምፒዩተር ፈቃድ

ሶሊያና ስህተቱን ያየችው የቤተ መጻሕፍቱ የዊንዶውስ ፈቃድ ቅጽ ተፈርሞ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ከገባ በኋላ ነው። ለራሷ ያስቀረችውን ኮፒ ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ ስታነብ፣ «የፈቃድ ብዛት» ከሚለው ጎን በገዛ እጇ የጻፈችው «1» ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሁለት መሆን ነበረበት።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚሠራው በአሮጌ ዊንዶውስ ብቻ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ሲመጣ ፕሮግራሙ አልነሣም አለ። ሶሊያናና ጓደኛዋ ሒክማ ሦስት ሳምንት ለፍተው፣ በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ሠሩ፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር ማለት ነው። አሮጌውን ዊንዶውስ እዚያ ጫኑት፤ ሠራ።

ሶሊያና ፈቃዱን ያሰበችው እንደ ግቢያቸው መብራት ነበር፦ አራት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ የፈቃድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ውስጡ የገባውም በዚያው ይስተናገዳል ብላ። ዛሬ ዓርብ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የኮምፒዩተር አስተማሪያቸውን መምህር ሉቃስን ስትጠይቃቸው ግን ሳቁ።

«እሱማ ለውጪኛው ነው። ውስጥ የጫናችሁት ለብቻው ይቆጠራል፤ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።»

«ፈታ በይ እንጂ!» አለች ሒክማ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሶሊያና ስትነግራት። «ወንድሜ ታጁ ከመሥሪያ ቤቱ የገለበጠው የፈቃድ ቁጥር አለው። እናስገባዋለን፣ አለቀ።»

«የመሥሪያ ቤቱ ነዋ!»

«ማን ያያል? ቢያስሩንም ቃሊቲ በእግር ነው፤ የታክሲ እንኳን አያስወጣንም።»

ሶሊያና መሳቅ አቃታት። ሰኞ ከክፍለ ከተማ ሰዎች መጥተው ኮምፒዩተሮቹን ያያሉ። ከቅጹ ሥር ደግሞ የእሷ ስም የለም። ያለው ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የወይዘሮ መሰለች ፊርማ ነው። «እኔ ይኼ ነገር አይገባኝም ልጄ፤ አንቺ ልክ ነው ካልሽ እፈርማለሁ» ብለው ነበር የፈረሙት።

«እመለሳለሁ» አለች።

«አበድሽ? ፕሮግራሙን ያዘጉታል!»

«አውቃለሁ።»

ወይዘሮ መሰለች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጋዜጦቹን እየሰበሰቡ ነበር።

«እትዬ፣ ያስፈረምኩዎት ቅጽ ስህተት አለው። የእኔ ስህተት ነው።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቅጹን አስመልሰን ሁለት እንበል፤ አንደኛው ገና አልተገኘም ብለን እንጻፍ። እስኪገኝ ፕሮግራሙን አንከፍተውም።»

«መዝገቡስ?»

«እኔ በእጄ እጽፋለሁ። በየቀኑ፣ ከትምህርት በኋላ።»

ወይዘሮ መሰለች ሶሊያና የያዘችውን ኮፒ አገላብጠው አዩት። «በዚህ ጽሑፍ? ዶሮ የጫረችው ይመስላል እኮ» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ሶሊያናም ሳቀች።

የርእሰ መምህሩ ጸሐፊ ገና አልወጣችም ነበር፤ የድሮውን ቅጽ መለሰችላቸው፣ ሶሊያናም አዲስ ሞላች። አዲሱን ቅጽ ወይዘሮ መሰለች እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ፈረሙ። ለመዝጋት ሲመለሱ ሒክማ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ሶሊያና መዝገቡን በእጅ እንደምትጽፍ ነገረቻት።

«ሰኞና ረቡዕ የእኔ ተራ ነው» አለች አኩርፋ። «ቢያንስ የእኔ ጽሑፍ ይነበባል።»

ሶሊያና ገብታ ቨርቹዋል ማሽኑን ዘጋችው፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጠፋች። ወይዘሮ መሰለች ቁልፉን ሁለቴ አዞሩ፣ በሩን ገፋ አድርገው ሞከሩት። ተቆልፏል።