የቤዛዊት ቁልቁለት

ትንሿን ቤዛዊትን ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ዛፍ ሥር ያነሷት በገና ማግስት ጠዋት ነው። በበረዶው ላይ የተንሸራተተችበት ስሌድ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሐኪም ቤት ስትደርስ ሕይወቷ አልፏል።

የፖሊስ መርማሪዋ ኢየሩሳሌም ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ የሚኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ፕሊማውዝ ደረሰች። አማርኛ ታውቃለች ተብላ ነው የተላከችው። እንዲህ ባለ ቀን አማርኛ ማወቅ ምን ይጠቅማል? ለቅሶውን ያለ አስተርጓሚ ለመስማት ካልሆነ በቀር።

ከነቤዛዊት ቤት ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ልጆቹ «ተራራው» ይሉታል። ተራራስ አይደለም። በየዓመቱ ገና ሲመጣ የቤዛዊት እናት የእድላዊት ዘመዶች ከየሰፈሩ እዚህ ይሰበሰባሉ፤ ትልቅ ትንሹ ስሌድ ላይ እየተጫነ ይንሸራተታል። የዘንድሮው ገናም እንደዚያው ሲሳቅ ዋለ። ቤዛዊት አንዴ ተገልብጣ ከንፈሯ ከመድማቱ በቀር ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ግን ያው ስሌድ፣ በዚያው መንገድ፣ ዛፉ ጋ እስኪደርስ የሚያቆመው ጠፋ።

ኢየሩሳሌም አፋፉ ላይ ቁጢጥ አለች። ግራና ቀኙ እግር የሚያሰምጥ ለስላሳ በረዶ ነው። ልጆቹ የሚንሸራተቱበት መሃሉ ብቻ ግግር ሆኖ ያንጸባርቃል።

«ይሄ ሰው የሠራው ነው» አለች ለራሷ።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ጎረቤቱን ነው። ሽማግሌው ጓሯቸው ውስጥ በጎማ ውሃ እየረጩ ለልጅ ልጆቻቸው የበረዶ ሜዳ ይሠራሉ። የነቤዛዊት ጩኸት ደግሞ ያማርራቸዋል፤ በዚሁ ምክንያት ከእድላዊት ጋር ክፉ ደግ ተነጋግረዋል።

«ትናንት ወደነሱ ውሃ ረጭተዋል?»

«ጎማዬ አጥሩ ጋ እንኳ አይደርስም።»

ጎትታ ሞከረችው። እውነትም አይደርስም። ሽማግሌው በራቸው ላይ ቆመው «ጮኸሽ ብዬ ስንቴ ተቆጣኋት» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ወደ ቤት ስትመለስ ደረሰ የሚባለው የእድላዊት ወንድም ከሳሎኑ መሃል ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ማታ ውሃ ደፋሁበት። እንዲፈጥንላቸው ብዬ።»

እድላዊት የልጇን ጓንት ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

«አንተ?» አለችው። «አንተ፣ ደረሰ?»

ኢየሩሳሌም ወደ ኮሪደሩ ይዛው ወጣች።

«በምን ቀዳህ?»

«በባልዲ።»

«የትኛው ባልዲ?»

«አላስታውስም።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«ይሄ ቃል ሪፖርት ላይ ከገባ ልትታሰር እንደምትችል ታውቃለህ?»

«ዐውቃለሁ። ጻፊው።»

ሲዋሽ ያየችው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ሁሉም ግን የሚዋሸው ለማምለጥ ነው። ይሄ ምን ነክቶት ወደ እስር ቤት እንደሚሮጥ አልገባትም።

ተመልሳ ወጣች። ጓንቷን አውልቃ ከግግሩ ስባሪ አነሣችና ምላሷ ላይ አደረገች።

ጨው።

የቧንቧ ውሃ ጨው የለውም። ከጓሮው በር አጠገብ ደረጃው እንዳያዳልጥ የሚበተነው ጨው የሚቀመጥበት ባልዲ አለ። አነሣችው፤ ባዶ ነው። ደረሰን ጠራችው። ባልዲውን እጇ ላይ ሲያይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ውሃ ነው በይልኝ፣ እህቴ። ስለ እግዚአብሔር።»

«ማን ነው የበተነው?»

ወደ መስኮቱ አየ። ከመስታወቱ ጀርባ እናቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«እማዬ በረዶ ስታይ የዘንድሮው የመጀመሪያዋ ነው» አለ። «ከአገር ቤት ከመጣች ጀምሮ ‹ጨው ያልተበተነበት እንዳትረግጪ፣ ትወድቂያለሽ› ስንላት ነው የከረምነው። ትናንት የቤዛን ከንፈር ደም አየች። እኛ ምሳ ስንበላ ወጥታ በተነችው። ባዶውን ባልዲ ይዛ በር ላይ አገኘኋት። ‹አሁን አይወድቁም› አለችኝ። ሳቅኩና አለፍኩ። ጨው ያቀለጠው ሌሊት ብርዱ ሲጠና እንደሚጋገር እሷ በምን ታውቃለች? እዚህ አገር የኖርኩት እኔ ነኝ። እኔ ልታሰር።»

«እናትህ ሆን ብለው ስላላደረጉት አይታሰሩም። የሐሰት ቃል ግን አልጽፍልህም። እህትህስ? ዕድሜዋን ሙሉ ልጄን የገደላት ወንድሜ ነው ስትል ትኑር?»

«ትኑር» አለ ደረሰ። «እማዬ ከምታውቅ እሱ ይሻላል።»

ኢየሩሳሌም ባልዲውን እንደያዘች ገብታ አሮጊቷ ፊት ተንበረከከች። ከየት እንደምትጀምር ጨነቃት። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ደረሰን ተዪው። እኔን ሊሸፍን ነው እንጂ ውሃ አልደፋም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኢየሩሳሌም ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ጨዉ አነሰ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ዛፉ ጋ ሳልደርስ አለቀብኝ። ትንሽ ብጨምርበት ኖሮ ልጄ ትተርፍልኝ ነበር።»

እድላዊት ሰማች። ባዶውን ባልዲ አየች፤ በር ላይ የቆመውን ወንድሟን አየች። ሁሉም ነገር ያኔ ገባት። ተነሣች። ኢየሩሳሌም አሁን ልትጮህባቸው ነው ብላ ፈራች። እድላዊት ግን እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«አላነሰም፣ እማዬ» አለች። «የምትችይውን አድርገሻል።»

ሌላውን እጇን ለወንድሟ ዘረጋችለት። ደረሰ መጥቶ እግሯ ሥር ተደፋና ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ኢየሩሳሌም ሪፖርቷ ላይ «አደጋ» ብላ ጻፈች። አሮጊቷን ሌላ ምንም አልጠየቀቻቸውም።

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ለቀስተኛው መድረስ ጀምሯል። ወይዘሮ አስካለማርያም በመስኮት አዩና ተጨነቁ።

«ደጁ ያዳልጣል» አሉ። «ሰው እንዳይወድቅ ጨው በትኑበት እንጂ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ እድላዊት ተነሣች። ከጋራዡ አዲስ የጨው ከረጢት ጎትታ አወጣችና እናቷ በመስኮት እያዩአት ደጁ ላይ እፍኝ እፍኝ በተነች።