በጂራታ ጎን የተደበቀው

ጂራታ ባምባሲ ባለው ቤቱ፣ አልጋው ላይ እንደተንጋለለ ቀርቷል። ላቡ ግንባሩ ላይ ጨው ሠርቶ ደርቋል። ደጅ የተሰበሰበው ሰው አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይቀመጣል፤ ገዳይ ናት ያላት ሚስቱ ኢቲዳል ተላልፋ እንድትሰጠው ይጠብቃል።

ክልሉ ከተመሠረተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ፖሊሱ መኪና የለውም። መርማሪ ማህጁብ ከአሶሳ የመጣው የጭነት መኪና ለምኖ ነው።

የሟች ታላቅ እህት ብሪቱ በሩ ላይ ተቀበለችው። «ያንን ቀይ ነገር አጠጣችው! ጠጣ፣ ራሴን አለ፣ ነጣ፣ ሞተ። ሌላ ምን ትመረምራለህ?»

«የአበባውን መጠጥ፣ ከርከዴውን ነው? የተረፈውስ?»

ኢቲዳል ከጥግ በራሷ ቋንቋ፣ በበርትኛ መለሰች። «ሁሉም ይስማ፤ በአማርኛ» አላት ማህጁብ። እሷም በተሰባበረ አማርኛ ቀጠለች።

«የተረፈው እኔ ጠጣሁ። ከአንድ ጆግ ነው። አንተ እንደ እኔ የበርታ ሰው ነው፤ ከርከዴ ሰው ይገድላል እንዴ?»

«ፖሊስ ነህ ወይስ ዘመዷ?» አለች ብሪቱ።

ማህጁብ ወደ አልጋው ተጠግቶ የሟችን ሸሚዝ ገለጠ። ከጎድን አጥንቱ በታች ጣት ጣት የሚያህል ሰንበር አለ። የሰሊጥ ዘይት ይሸታል።

«ማን አሸው?»

«እኔ ነኛ!» አለች ብሪቱ። «በኛ ቤት ራስ ፈልጦ ላብ ሲያጠምቅ ብርድ ጎን ገባ ይባላል፤ ይታሻል። ወለጋ እያለን አባቴንም አጎቴንም አሽቻለሁ።»

«ዳኑ?»

ብሪቱ ነጠላዋን ጎተተች። «እጄ ላይ ነው ያለፉት።»

«ኢቲዳልን ያኔ ታውቋት ነበር?»

«ከየት አውቀናት!»

ሬሳው አሶሳ ተወስዶ ተመረመረ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ እዩኤል ውጤቱን ይዞ በመኪና መጣ። ማህጁብ ሁለቱን ሴቶችና የጂራታን ታናሽ ወንድም ቦዔዝን አስቀምጦ፣ እሱ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለስ ጀመር።

«መርዝ አልተገኘም። ከርከዴውን ሁለት ሰው ጠጥቶ የሞተው አንዱ ነው። ስለዚህ ጆጉን ትቼ ገላውን ጠየቅሁ። ዶክተር?»

«ከኩላሊት በላይ ትንሽ ዕጢ አለች» አለ እዩኤል። «የጂራታ በሁለቱም በኩል አብጣ ሎሚ አክላለች። እንዲህ ያበጠች ዕጢ ስትጫን፣ በድንጋጤ ጊዜ የሚመነጨውን ቅመም ደም ውስጥ ትደፋዋለች። ልብ ይጋልባል፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል፤ ሰው ይሞታል።»

«አባት፣ አጎት፣ ልጅ» አለ ማህጁብ። «ሦስቱም ራሳቸውን ታመሙ፣ አላባቸው፣ ታሹ፣ ሞቱ። ሁለቱ የሞቱት ኢቲዳል ሳትታወቅ ነው። በሽታው በዘር ይወርዳል፤ ያጣደፈው መታሸቱ ነው።»

ብሪቱ መዳፎቿን አየች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«ልታድኛቸው ነው ያሸሻቸው። ሕግ ይህን ግድያ አይለውም። ኢቲዳል፣ ነፃ ነሽ።»

ኢቲዳል አልተነሳችም። ዓይኗ ቦዔዝ ላይ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ራሴን...» አለ።

ብሪቱ እንደ ልማዷ ዘላ ጎኑን ልትይዝ ስትል ኢቲዳል ሁለቱን የብሪቱ እጆች ለቀም አደረገቻቸው።

«አትንካው፣ እህቴ! አትንካው! ዶክተር፣ መኪና አስነሳ!»

ቦዔዝን ተሸክመው ሲወጡ ደጅ ያለው ሰው ኢቲዳልን አይቶ ወደ እሷ ተንጋጋ። ብሪቱ ከፊቷ ቆመች።

«ዞር በሉ!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን ልታተርፍልኝ ነው!»